የማንም ክለብ ያልሆነችው ላንድሮቨር

ላንድሮቨሯን የገዛኋት እሷም እኔም በአንድ ዓመት ጡረታ ከወጣን በኋላ ነው። እኔ ስልሳ ሞላኝ፤ እሷ ደግሞ «ለአገልግሎት የማትበቃ» ተብላ ከሚሴ በሚገኘው መሥሪያ ቤታችን ግቢ ጥግ ላይ ሣር በቀለባት። ሐራጁ ሲወጣ ብረቷን ፈልገው የመጡ ሁለት ነጋዴዎች ነበሩ። ሾፌሯ እንደነበርኩ ሲሰሙ አንደኛው «ውሰዳት ኦቦ ሰይድ፣ እኔ ከአንተ ጋር አልጫረትም» ብሎ ወጣ። ሌላውም አንገቱን ነቅንቆ ተከተለው። ሊብሬዋን በስሜ አዙሬ በትራክተር አስጎትቼ ቤቴ ሳስገባት ባለቤቴ ከድጃ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ጎረቤቱ ሁሉ ጡረታ ሲወጣ የሚደልብ በሬ ይገዛል» አለች። «አንተ የሚዝግ ብረት ገዛህ?»

ሠላሳ ዓመት ያህል አብሬያት ውያለሁ። የጨፋን ሜዳ፣ በክረምት ጭቃውን፣ በበጋ አቧራውን፣ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ሲያድግ መንገዱ እንደሚጠፋ፣ ሁሉንም ያየሁት በእሷ መስታወት ነው። ለብረት ነጋዴ ሰጥቼ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?

ሥራ የጀመርኩት በረዳት መካኒክነት ነው። መሥሪያ ቤታችን ክትባት የሚያደርሱ ባለሙያዎችን ወደ ገጠር ያጓጉዛል። መኪናዎቹ ጥቂት፣ መንገዱ ብዙ ነበር። ሰኞ ሰኞ ገበያው ስለሆነ ባቲ እንሄዳለን፤ ከቆላ የሚወጣውን አፋርና ከደጋ የሚወርደውን ገበሬ አንድ ላይ የምናገኘው በዚያ ቀን ብቻ ነው። በሌላው ቀን ጨፋ እንውላለን፤ ሲመሽ እዚያው ከሰዉ ጋር እናድራለን። ደርሰን ሞተር ስናጠፋ «ኦቦ ሰይድ፣ አካም? ነጋዳ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላም እያሉን፣ ልጆቻቸውን ይዘው ይከቡናል። ኃላፊዎች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ መንገዱን ሙሉ «ፍጠን» የሚል ነበር። አንዱ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እኔን ሳይሆን መኪናዋን ሰላም ይላል፤ እሱን እወደው ነበር። ደመወዙን ግን ባናነሳው ይሻላል።

የሥራ ዘመኔን የሠራው ሰው ጋሽ ተፈራ ነው፤ የጋራዡ ኃላፊ። በወጣትነቱ ለሥራ ከሚሴ መጥቶ እዚያው የቀረ፣ ኦሮምኛውን በሸዋ አማርኛ ለዛ የሚናገር፣ ጾሙን የማያፈርስ ሰው ነበር። ዓርብ ቀን ከመኪና ሥር ሆኜ ሰዓቱን ብረሳ እግሬን በእግሩ ነካ አድርጎ «ሰይዶ፣ ጁምዓህ ደርሷል፣ ቁልፉን አስቀምጥ» የሚለኝ እሱ ነው።

አሠራሩን ልንገራችሁ። ኮፈኑን ከመክፈቱ በፊት ሾፌሩን ያስወራዋል፤ መቼ ጀመራት፣ ዳገት ላይ ነው ሜዳ ላይ፣ ስትሞቅ ነው ሳትሞቅ። ቀጥሎ ረጅሙን ካቻቪቴ ያነሣና ጫፉን ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ የሚያወራ ሰው አይኖርም። የሚፈታውን ብሎን ሁሉ በተፈታበት ተራ ጨርቅ ላይ ይደረድራል። ሲመልስ መጀመሪያ በጣቱ ያስገባዋል እንጂ በቁልፍ አይጀምርም። «ጣትህ ያልተቀበለውን ብሎን ቁልፍ አያስተካክለውም» ይለኝ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሕግ ነበረው። ፍሬን የተነካ መኪና ሰው ሳይጭን፣ ሾፌሩ ብቻውን፣ ከከተማው ጀርባ ያለውን ቁልቁለት ሦስት ጊዜ ወርዶ ሦስት ጊዜ መቆም አለበት። ከዚያ በፊት የሥራ ወረቀቱን አይፈርምም።

አሁን ወደማልወደው ቦታ ደረስን።

ሹፍርና ከተሰጠኝ በሦስተኛው ዓመት፣ አንድ እሑድ የላንድሮቨሯን የፍሬን ጎሚኒዎች ቀየርኩ። ጎሚኒ የፍሬን ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ትንሽ ላስቲክ ነው። ከተቀየረ በኋላ በቱቦው ውስጥ የቀረው አየር መውጣት አለበት። ለዚህ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ አንዱ ከጎማው ሥር ብሎኑን ከፍቶ አየሩን ያስወጣል። የዚያን ቀን ጋሽ ተፈራ ለቅሶ ሄዷል። ዘበኛው እየረገጠልኝ ሦስቱን ጎማ ጨረስንና እሱ በር ላይ ተጠራ። አራተኛውን ተውኩት። ፔዳሉን ስረግጠው ደህና መሰለኝ። ማለዳ ለባቲ ገበያ መውጣት ነበረብን፤ ቤቴ ደግሞ እንግዳ ይጠብቀኛል።

ማለዳ ላይ ጋሽ ተፈራ ወረቀቱን ይዞ መጣ።

«ባዶዋን ፈተንካት?»

«አዎ» አልኩ።

ፈረመ።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሲስተር አልማዝ የምትባል ነርስ ነበረች። ከኮምቦልቻ አልፈን ወደ ባቲ የሚያወርደውን ጠመዝማዛ ጀመርን። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ለሰለሰ። ሦስተኛው ላይ ወለሉ ድረስ ገባ። ማርሹን አወረድኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ፤ መኪናዋ ጮኸች እንጂ አልቆመችም። ፊት ለፊቴ መንገዱን የሞሉ ግመሎችና ሰዎች ወደ ገበያ ይወርዳሉ። በስተግራ ገደል ነው። መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ተራራው ግድግዳ ሰጠሁት።

አቧራው ሲበተን እኔ ግንባሬ ተጭሯል። ሲስተር አልማዝ ግን ቀኝ ክንዷን ይዛ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። በሩን በብረት ፈልቅቀው ያወጧት እነዚያ ባለ ግመሎች ናቸው። ክንዷ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ከዳነም በኋላ ሙሉ በሙሉ አልተዘረጋላትም፤ መርፌ መያዝን በግራ እጇ እንደገና ተማረች።

የምርመራ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጋሽ ተፈራ እኔ ገና ሳልጠራ ገብቶ «መኪናዋን ለጉዞ ብቁ ናት ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ» ብሎ ወጣ። ይህን ስሰማ ቤቱ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ነበር።

«ጋሽ ተፈራ፣ አልፈተንኳትም» አልኩት። «አራተኛውንም ጎማ አየሩን አላወጣሁም። ዋሽቼዎታለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ተጎትታ ስትመጣ አየኋት። የኋላ ቀኙ ብሎን ላይ ያለው የደረቀ ጭቃ እንኳ አልተነካም።»

«ታዲያ ለምን በራስዎ ላይ አደረጉት?»

«ፊርማው የእኔ ነዋ። አንተ ዋሸህ፤ እኔ ደግሞ ቁልቁለቱ ጋ ሄጄ ሳላይ ፈረምኩ። የእኔን እኔ ተናገርኩ። የአንተን ደግሞ አንተ ታውቃለህ።»

በማግሥቱ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ ያደረግኩትን ሁሉ ተናገርኩ። እሱ ከጋራዥ ኃላፊነት ተነሣ፤ እኔ ለአንድ ዓመት መሪ እንዳልነካ ተደረግኩ። ያን ዓመት ጎማ በማጠብና ብሎን በመደርደር አሳለፍኩት፤ አጠገቤ ጋሽ ተፈራ እንደ ተራ መካኒክ ከመኪና ሥር ተኝቶ ይሠራል። አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጠቆረብኝም። ይሄ ከቁጣ የበለጠ ይከብዳል።

ቅጣቴን ጨርሼ ወደ መሪው ስመለስ ከእኔ ጋር ለመሄድ የሚደፍር ባለሙያ ጠፋ። ሁሉም ሰበብ ያገኛል። አንድ ጠዋት ሲስተር አልማዝ የክትባት ሳጥኗን በግራ እጇ አንጠልጥላ መጣችና በሩ ጋ ቆመች።

«ባዶዋን ፈትነሃታል?»

«ሦስት ጊዜ። ወላሂ፣ ጋሽ ተፈራ ራሱ ቆሞ አይቷል።»

«እንግዲያ እንሂድ» አለችና አጠገቤ ወጥታ ተቀመጠች። እስከ ጨፋ ድረስ ስለ ልጆቿ ስታወራ ሄደች። ያንን ነገር ከዚያ በኋላ አንስታብኝ አታውቅም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ሾፌሯ እኔ ነበርኩ።

እንግዲህ ላንድሮቨሯ ቤቴ ከገባች በኋላ ሁለት ዓመት ለፋሁባት። ጋሽ ተፈራ ቀደም ብሎ አርፏል፤ የማማክረው ሰው ስላልነበረኝ በራሴ ጆሮ ሠራሁ። ሞተሯ በተነሣ ዕለት ከድጃ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ወጥታ «ድምፅዋን ረስቼው ነበር» አለች። ስለ በሬውም ከዚያ ወዲህ አላነሳችም።

አዲስ አበባ የምትሠራው ልጄ ሐያት የጥንት መኪኖች ትርኢት እንዳለ ሰምታ ሳትነግረኝ አስመዘገበችኝ። «አባ፣ የግል ባለንብረት ብዬ ሞልቼልሃለሁ፤ ክለብ አያስፈልግም» አለችኝ በስልክ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ቦሎዋን አየሁ፣ ባሌስትራዎቹን ቀባሁ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን ከሚመላለሱት ሾፌሮች ጠይቄ ቢስሚላህ ብዬ ወጣሁ። በሰንበቴ፣ በሸዋሮቢት አድርጌ የደብረ ሲናን ዳገት አራት ጊዜ አሳርፌያት ወጣሁት። ከባድ መኪናዎቹ ሲያልፉኝ ጥሩንባ ይነፋሉ፤ ይሰድቡኝ ይሁን ያደንቁኝ አላወቅኩም። ደብረ ብርሃን አደርኩና በማግሥቱ አዲስ አበባ ገባሁ።

የትርኢቱ ሜዳ መግቢያ ላይ የምትመዘግበው ልጅ «ጋሼ፣ የየትኛው ክለብ ነዎት?» አለችኝ።

«የማንም አይደለሁም። ከከሚሴ ነው የመጣሁት።»

ቀና ብላ መኪናዋን አየችና ፈገግ አለች። «ነድተው?»

የክለቦቹ መኪናዎች መሐል ላይ ተሰልፈዋል፤ እንደ መስታወት ያበራሉ፣ ጥላም ተዘርግቶላቸዋል። የቮልስ ክለቡ መሪ፣ ነጭ ሱሪ የለበሰ ኢንጂነር ዳዊት የሚባል ሰው፣ በትሕትና ግን ቸኮል ብሎ «የግሎቹ በአጥሩ በኩል» ብሎ አሳየኝ። ዳኛው መጣ፤ ከወንበሩ ኋላ የክትባት ሳጥን ለማሰር የበየድኩትን ብረት አይቶ «ይሄ ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው፤ ምን እላለሁ? እኔ የመጣሁት ለሽልማት አልነበረም። ማሳረጊያው ላይ መኪናዎቹ በሰልፍ ወጥተው ከተማውን ዞረው ይመለሳሉ። ሐያት የሥራ ባልደረቦቿን ጠርታ ነበር፤ «አባቴ በሰልፉ ያልፋል» ብላቸዋለች። ለዚያች ሰልፍ ነበር የመጣሁት።

በአጥሩ በኩል ጎረቤቴ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ነበረች፤ ተጭና የመጣች። አጠገቧ ነጠላቸውን የታጠቁ ሴት ቆመዋል፤ እትዬ አስካለ ይባላሉ። የባለቤታቸው መኪና ናት። ባለቤታቸው መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ስድስት ዓመት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ አልተንቀሳቀሰችም።

«ልጆቼ ትሸጥ ይላሉ» አሉኝ። «እኔም ዛሬ ተነሥታ በሰልፉ ከሄድኩባት እኔ ዘንድ ትቀራለች፣ ካልሆነ ሰኞ ውሰዷት ብያቸዋለሁ። አዲስ ባትሪ ገዛሁላት፤ እሷ ግን ዝም አለች።»

«መንዳት ያውቃሉ?»

«ያስተማረኝ እሱ ነው። የመንጃ ፈቃዴም ጊዜ አላለፈም።»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። መጀመሪያ እንደ ጋሽ ተፈራ አስወራኋቸው፤ መቼ ቆመች፣ ስትቆም ምን አለች። የከረመውን ቤንዚን አወጣን። ካርቡራቶሯን ፈትቼ አጠብኩ፣ ብሎኖቹን በተራ ጨርቅ ላይ ደረደርኩ። እሳት የምትሰጠው ፑንቲና ዝጋ ነበር፤ በስሱ ብርጭቆ ወረቀት ጠረግኳት። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆየን። ቁልፉን ሳዞር ሁለቴ አሳለች፣ በሦስተኛው ተነሣች። አጥሩ ጥግ የነበረው ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እትዬ አስካለ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ወንበሯ ላይ እንዳለሁ እግሬን ፍሬኑ ላይ አሳረፍኩ። ወለሉ ድረስ ገባ።

ወረድኩና ከግራው የፊት ጎማ ሥር ጎንበስ አልኩ። በፍሬን ዘይት ርሷል። ጎሚኒዎቹ አልቀዋል።

«እትዬ፣ ፍሬን የላትም» አልኳቸው። «በሰልፉ መውጣት አይችሉም።»

«ሰልፉ እኮ በእግር ፍጥነት ነው የሚሄደው! አሁን ሊወጣ ነው!»

«ከበሩ ሲወጡ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ዳር ዳሩን ሰው ቆሟል።»

«አቶ ሰይድ፣ እባክዎ። ቁልፌን ይስጡኝ።»

እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ቁልፉን ጨብጬ ቆምኩ። በዚህ መሐል ሐያት እየሮጠች መጣች። «አባ፣ ሰልፉ ተጀመረ! ላንድሮቨሯን አስነሣት እንጂ፤ ሁሉም እየጠበቁህ ነው!» መሐል ያሉት መኪናዎች አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ ጥሩንባው ሜዳውን ሞልቶታል። እትዬ አስካለ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው።

ያን ጊዜ ነገርኳቸው። ልጄም እየሰማች ነበር፤ ለእሷም ነግሬያት አላውቅም። የእሑዱን፣ «አዎ» ያልኩትን፣ የባቲን ቁልቁለት፣ የሲስተር አልማዝን ክንድ። በአጭሩ ነው የነገርኳቸው። «ሞተር ሲነሣ ሰው ይቸኩላል» አልኩ። «እኔ ቸኩዬ አይቼዋለሁ። ይርገሙኝ፣ ቁልፉን ግን አልሰጥዎትም።»

እትዬ አስካለ እጃቸውን አወረዱ። የመጨረሻው መኪና ከበሩ ወጣ።

«ታዲያ ይሠራል ወይስ አይሠራም?» አሉኝ።

«ጎሚኒ ከተገኘ ይሠራል። የሚረግጥልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«መርገጥ አያቅተኝም።»

ጎሚኒውን ያስገኘችው ሐያት ናት፤ ኢንጂነር ዳዊት ጋ ሄዳ ጠየቀችው። እሱ ሰልፉን ሊቆጣጠር ሜዳው ላይ ቀርቶ ነበር። የመለዋወጫ ሳጥኑን ራሱ ተሸክሞ መጣ። አንዴ አየንና ነጭ ሱሪውን ሳያስብ ሣሩ ላይ ተንበረከከ፤ ጎማውን አብረን ፈታን። ጥሩ እጅ አለው፤ ብሎኑን በጣቱ ነው የሚያስገባው። ማን እንዳስተማረው ጠየቅኩት፤ ሳቀ ብቻ።

ከዚያ አየሩን ማውጣት ጀመርን። እትዬ አስካለ ወንበሩ ላይ፣ እኔ ከጎማው ሥር።

«ይርገጡ… ይያዙት… ይልቀቁ።»

«ረገጥኩ!»

«ቀስ ብለው ይልቀቁ። እንደገና።»

አራቱንም ጎማ። አራተኛው ላይ ስደርስ ዘይቱ አንድም አረፋ ሳያሳይ ጠርቶ መጣ። ያም ሆኖ ሁለት ጊዜ ደገምኩት። ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ቆመ። ብቻዬን ገባሁና ከሜዳው ጥግ ያለውን ቁልቁለት ሦስት ጊዜ ወረድኩ፣ ሦስት ጊዜ ቆምኩ። ሐያት ከታች ቆማ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ከመኪናዋ ስወርድ ቁልፉን ለእትዬ አስካለ ሰጠኋቸው።

ሰልፉ ተመልሶ ሽልማት እየተሰጠ ነበር። የግሎቹን ዋንጫ አንድ የደብረ ዘይት ሰው ወሰደው፤ ይገባዋል። የሐያት ባልደረቦች ላንድሮቨሯ የቆመችበት መጥተው አብረዋት ፎቶ ተነሡ። ልጄ እጄ ላይ የነበረውን ቅባት በሶፍት ጠረገችልኝ፤ ጣት በጣት፣ ሳትቸኩል።

እትዬ አስካለ የሚጭን መኪና አልፈልግም፣ ነድቼ ነው የምገባው አሉ። «እኔ ከኋላ እከተልዎታለሁ» አልኩ። የቀኙን ጥግ ይዘው፣ መብራት ሁሉ ላይ ቀድመው እየቆሙ፣ ታክሲዎቹ እየጮሁባቸው ሄዱ። እኔ ከኋላቸው ላንድሮቨሯን እንደ ግድግዳ አድርጌ ማንንም አላስጠጋም። ሐያት አጠገቤ ተቀምጣ ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን እርጥብ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በራቸው ላይ ደረስን። ሞተሩን አጠፉ፤ ከመኪናው ግን አልወረዱም። ወደ መስኮቱ ቀረብኩ። ከጀርባቸው ትልቅ ትራስ ደግፈዋል፤ ለወገባቸው መስሎኝ ነበር።

«አቶ ሰይድ» አሉ ፊት ለፊታቸውን እያዩ። «ይሄ ወንበር ወደፊት የሚመጣው እንዴት ነው? እሱ ረጅም ነበር። እንደተወው ነው ያለው፤ እስከዛሬ ማንም አልነካውም፤ እኔም አላስነካሁም።»

በሩን ከፍቼ ተንበረከክሁ። መያዣዋ ዝጋ ተጣብቃለች። ዘይት አንጠባጥቤ ትንሽ ጠበቅኩና ቀስ ብዬ ወዘወዝኳት፤ ለቀቀች። ወንበሩ ሁለት ጊዜ ቀጭ፣ ቀጭ አለና ወደፊት መጣ። እትዬ አስካለ እግራቸውን ፔዳሉ ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ረገጡ። ደረሰላቸው።

ትራሱን ከጀርባቸው አወጡና በመስኮቱ አቀበሉኝ።

«ይህን ይያዙልኝ» አሉና ሞተሩን አስነሡ። «ሰፈሩን አንዴ ዞሬ ልምጣ።»